በቁራጭ ላሜራ የሞላኋት ማዕዘን

ወልድያ ውስጥ ከእኔ ጋር የሠራ ሰው ሁሉ አፌን ያውቀዋል። ሥራዬ የብረት ቤት ማቆም ነው፤ አጥንቱ ከታጠፈ ቀጭን ላሜራ የሆነ፣ በላዩ ቦርድ የሚለብስ ቤት። እንዲህ ያለ ቤት ቀልድ አይወድም። መሠረቱ ላይ እንደ ቦይ የሚዘረጋውን ብረት እኛ ጫማ እንለዋለን፤ በጫማው ውስጥ የሚቆመውን ደግሞ ቋሚ። ቋሚው ጫማው ውስጥ እስከ ታች ካልገባ፣ የክብሪት እንጨት የምታህል ክፍተት እንኳ ብትቀር፣ የጣሪያው ሸክም ብረቱን ትቶ ብሎኑ ላይ ይንጠለጠላል። ብሎን ደግሞ ለማያያዝ እንጂ ለመሸከም አልተፈጠረም። ስለዚህ ቋሚውን ጥርቅም አድርጎ ሳያስገባ ብሎን የሚያጠብቅ ሠራተኛ ካየሁ እጮሃለሁ። እሳደባለሁም፣ አልደብቅም። "ለእናትህ ቤት ቢሆን እንዲህ ትሠራዋለህ?" እላለሁ። ሲያኮርፉ ምሳ ጋብዤ አስታርቃቸዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና እጮሃለሁ።

ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ይህ ሁሉ አፍ መርሳ ላይ የት እንደገባ ሳስበው ዛሬም አንገቴን ስለሚያስደፋኝ ነው።

ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። አባቴን አላውቀውም፤ "አባ" ብዬ የጠራሁት እሳቸውን ነው። ግምበኛ ናቸው። ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ከውርጌሳ እስከ ግራና የእሳቸው መሠረት የሌለበት መንደር ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሲባጎ ይወጥራሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ "ትንሽ ወደ ቀኝ" ይላሉ፤ በቃ፣ ልክ ነው። ሰው "የእሳቸው ዓይን ውሃ ልክ ነው" ይል ነበር። በልጅነቴ የሲባጎውን ጫፍ የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ፤ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ውጬ። ብሳሳት አይቆጡኝም። "ልጄ፣ ሲባጎ የሰው ፊት አያይም፤ ያለውን ይናገራል" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ሲባጎውን ትቼ ወደ ብረቱ ሄድኩ፤ ወልድያም ቀረሁ።

ባለፈው በጋ ልጃቸው፣ እኔ እህቴ የምላት፣ መርሳ ላይ ቤት ለመሥራት ተነሳች። አባ አብረዋት የሚኖሩበት ቤት ነው። ቦታው ጥቁር አፈር ስለሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከባድ ቤት አይወድም። ቀላል የብረት ቤት ይሻላል ተባለ። አጥንቱ አዲስ አበባ በማሽን ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ብረት ቁጥር ተጽፎበት፣ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። መሠረቱን አባ ሠሩ። ለማቆሙ ሥራ እህቴ እዚያው ቅርብ ያለ ባለሙያ ልታናግር ነበር፤ አባ ግን "እሱ ይምጣ፤ ሌላ ሰው አልፈልግም" ብለው አስቸገሩ። እኔም ነገሩን ከፍቅር ቆጠርኩት። ደስ ብሎኝ ወረድኩ።

ከእኔ ጋር የመጣው ጓደኛዬ የቆቦ ልጅ ነው፤ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ ስጮህ እሱ እየቀለደ ሠራተኛውን ያረጋጋል። እሱ ሲጾም እኔ ሥጋ እያሳየሁ አበሽቀዋለሁ፣ እኔ ስጾም እሱ ውሃ እየጠጣ ያበሽቀኛል። ከባጃጅ ስንወርድ አባ ጥላ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። "አሰላሙ ዓለይኩም" አሉ፤ ፊታቸው ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ባጃጁ ነበር። ሰላምታውን አስረዘሙት። ጤናው፣ ቤተሰቡ፣ ዝናቡ፣ ሥራው። እኔ "አልሐምዱሊላህ አባ" ስል ፊታቸው ፈካ፤ ዞረው አቀፉኝ። በእኛ አገር ሰላምታ ረዥም ስለሆነ ማን ልብ ይላል? እኔም ልብ አላልኩም።

ሥራ ጀመርን። የመጀመሪያው ግድግዳ መሠረቱ ላይ ቁጭ አለ። ደስ ይላል፤ በማሽን የተቆረጠ ብረት ቦታውን ሲያገኝ መዶሻ አያስፈልገውም፣ በእጅ ገፋ ስታደርገው ይገባል። ሁለተኛውን አቆምን። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ብረቱ በአንድ በኩል ሄደ፣ መሠረቱ በሌላ በኩል። የኋለኛው ማዕዘን ላይ ጫማው ከመሠረቱ ጠርዝ አልፎ አየር ላይ ቀረ። ወለሉም ወደዚያው ዝቅ ብሎ ኖሮ፣ ከጫማው ሥር እጄን ጨብጬ ባስገባው ይገባ ነበር። ሜትር ዘርግተን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ለካን። ቤት ልክ ከሆነ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ይመጣሉ። አልመጡም። ደግመን ለካን፤ አልመጡም።

"ይሄን መሠረት የጣለው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ?" አለ ጓደኛዬ።

ክንዱን ቆነጠጥኩት። አባ ከኋላችን ቆመዋል። ጥላቸውን ዘቅዝቀው እንደ ምርኩዝ ይዘውታል።

"እንዴት ነው ልጄ፣ ገጠመ?" አሉኝ።

እንግዲህ እኔ፣ ለክብሪት እንጨት ክፍተት ሰው የማስለቅሰው ሰውዬ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ልክ ነው አባ፤ ግጥም ብሏል" አልኩ።

"ግጥም አለ?"

"ግጥም። ትንሽ የፋብሪካው ስህተት አለችው፤ እሷን እናስተካክላለን።"

ጆሯቸውን ወደ እኔ እንዳዘነበሉ ቆሙ። የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስል ነበር። ከዚያ "አብሽር" ብለው፣ ጥላቸውን እያስቀደሙ ግቢው ውስጥ ወዳለው ማንጎ ሥር ሄዱ። ያኔ ነው ጥላው መሬቱን ቀድሞ ሲነካ ያየሁት።

ምሳ ላይ እህቴ ለብቻዬ ጠራችኝ። "አየኸው አይደል?" አለች። ከዓምና ጀምሮ ነው አለችኝ። ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዶባቸዋል። መስጊድ ሲሄዱ የጎረቤቱን አጥር እየዳበሱ ነው፤ ሻይ ስታቀርብላቸው ብርጭቆውን እጃቸው ላይ ታስይዛቸዋለች እንጂ ፊታቸው አታስቀምጠውም። አንድ ቀን ግን "አያዩም እንዴ?" ብላ ጠይቃቸው አታውቅም። እሳቸውም ተናግረው አያውቁም። መሠረቱን እኔ ልጣል ሲሉ ማን እምቢ ይበላቸው? ቁፋሮው በጅጌ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አግዟል። ሲባጎው ጠሞ ሲወጠር ሁሉም አይቷል። ሁሉም መሬት መሬት እያየ ቆፍሯል።

"ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል?"

"ያውቃል። ወላሂ፣ እሳቸው ብቻ ናቸው ማወቃችንን የማያውቁት።" ከዚያ የባሰውን ነገረችኝ። የመስጊዱ ሽማግሌዎች በቂብላ፣ ለሶላት በሚዞሩበት አቅጣጫ በኩል፣ አዲስ ግድግዳ ሊሠሩ ነው፤ መሠረቱን አባ እንዲጥሉ በቤቱ ምረቃ ዱዓ ቀን በሰው ፊት ሊጠይቋቸው ተስማምተዋል።

"ሽማግሌዎቹስ አያውቁም?"

"እነሱማ ያውቃሉ። ሳይጠይቋቸው ቢቀሩ ዓይኔን ናቁብኝ ይላሉ ብለው ፈሩ። ቀን እሳቸው ይወጥራሉ፣ ወደ ቤት ሲገቡ እኛ እናቃናዋለን ብለው ተመካክረዋል።" እንባዋ መጣ። "አደራህን፣ ዱዓው እስኪያልፍ ዝም በል። ኩታ ላለብሳቸው አዘጋጅቻለሁ። በሰው ፊት አታዋርድብኝ።"

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከሥሩ ማለት ያቺን ማዕዘን አፍርሶ፣ ሰያፉን አስተካክሎ፣ እንደገና ኮንክሪት ማፍሰስ ነበር። ሌላ ሰው የጣለው መሠረት ቢሆን ኖሮ ሰማይና ምድሩን አደበላልቄ አስፈርሰው ነበር። ግን አባ ናቸው። ይሉኝታ ያዘኝ። ብረቱን በግድ ላስገባው ተነሳሁ።

ያን ሳምንት የሠራሁትን ሥራ ሠራተኛዬ ቢሠራው ዕቃውን አስይዤ አባርረው ነበር። ጫማውን በግራይንደር ሰንጥቄ ወደ መሠረቱ አጠፍኩት። ግድግዳውን በገመድ ስቤ፣ እንደተሳበ በብሎን ሰፋሁት። ቋሚዎቹ እስከ ታች አልገባ ሲሉ ከሥራቸው ቁራጭ ላሜራ በላይ በላዩ እየደረደርኩ ጠቀጠቅሁ። ጓደኛዬ መጀመሪያ ቀለደ፤ "ይሄ ቤት ነው ወይስ የተጣፈ ሱሪ?" አለኝ። ከዚያ መቀለዱን ተወ። አንድ ቀን ብሎን እያቀበለኝ፣ "እኔ ብሆን ይሄን ጊዜ ሰድበኸኝ ነበር" አለ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ቦርዱ ሲለብስ ክፍተቱም ቁራጩም ከዓይን ጠፋ። ቤቱ አማረ። ቀጭን ብረት ግን በግድ ያጎበጡትን አይረሳም። የመርሳ ፀሐይ ጣሪያውን ሲመታው ብረቱ ይለጠጥና የኋለኛው ማዕዘን "ቋ" ይላል። ሲበርድ እንደገና "ቋ"። በሩም አልዘጋ አለ፤ ትዘጋዋለህ፣ ሲጢጥ እያለ ራሱን ይከፍታል። ማጠፊያውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። በሩ ምን ያድርግ? የቆመበት ግድግዳ ጠማማ ነው።

የዱዓው ቀን ሰው ሞላ። ሽማግሌዎቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል፤ ጫቱ ተቀምጧል፣ ከጓሮ የሩዝ ሽታ ይመጣል። ለአባ የክብር ቦታ ተብሎ የተነጠፈላቸው የኋለኛው ማዕዘን ላይ ነበር፤ ማን እዚያ እንዳደረገው እንጃ። እህቴ አዲሱን ኩታ አለበሰቻቸው። ሽማግሌዎቹ "አላህ በረካ ያድርገው፣ እጅዎን አይንሳን" እያሉ መረቁ። እኔንም መረቁኝ። "አሚን" ስል ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ።

በሩ ተከፈተ። አንዱ ተነስቶ ዘጋው። ተከፈተ። ሌላው ተነስቶ ዘጋው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲከፈት በር አጠገብ የተቀመጠ ሰው ከእግሩ ያወለቀውን ጫማ አንስቶ ከሥሩ አስደገፈበት። ቤት ሙሉ ሰው አየ፤ ቤት ሙሉ ሰው ወደ ምንጣፉ አቀረቀረ። ጓደኛዬ ጥግ ላይ ሆኖ ወደ እኔ ያያል።

ዋናው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። የመስጊዱን ነገር አነሳ። በቂብላ በኩል ግድግዳ እንደሚሠራ፣ መሠረቱን ከአባ በቀር የሚጥለው እንደሌለ፣ የእሳቸው ዓይን ውሃ ልክ መሆኑን ተናገረ። "ዓይን" ሲል ቤቱ ጭጭ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቀትር ነውና ማዕዘኑ "ቋ" አለ።

አባ ጭንቅላታቸውን ወደ ግድግዳው አዘነበሉ። "ምንድን ነው ይሄ?" አሉ።

ሁሉም እኔን አየ። "ፀሐይ ናት አባ" አልኩ። "ብረት ፀሐይ ሲመታው ይጮሃል። ምንም አይደል።"

"ማዕዘኑ ብቻ ነው የሚጮኸው።"

"ፋብሪካው ነው አባ፣ አቆራረጡ..."

አልጨረስኩትም። አባ ዞረው በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ አዲሱ ኩታ ወለሉ ላይ ተጎተተ። መዳፋቸውን በግድግዳው ሥር እያስኬዱ ወደ ማዕዘኑ ሄዱ። እዚያ ቦርዱ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ቀርቶ ነበር። ጣታቸውን አስገቡ። ቁራጭ ላሜራውን ነኩት። አንድ በአንድ እንደደረደርኩት፣ አንድ በአንድ ዳበሱት። እጃቸው በግንብ ሥራ የሻከረ ነው፤ ላሜራው ሲፋቅ ይሰማል። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው።

"ይሄን የሞላው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ አባ።"

"መሠረቱን መቼ አየኸው?"

"የመጀመሪያው ቀን።"

ፊታቸውን ወደ ሰዉ መለሱ፤ ወደ አንድ ሰው ሳይሆን ወደ ሁሉም። "እናንተስ?"

አንዱ ሳለ። ሌላው ጫቱን መሰብሰብ ጀመረ። እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። እሳቸውም መልሱን ከዚህ አገኙት።

"ዓይኔ መሄዱንማ አውቃለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "እናንተ ማወቃችሁን ነው ያላወቅሁት። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስደብቃችሁ፣ እናንተም ስትደብቁኝ።" አልተቆጡም። ቢቆጡ በስንት ጣዕሙ። ከዚያ ፊታቸውን ድምፄ ወደነበረበት አዞሩ። "አንተን ለምን እንዳስጠራሁህ ታውቃለህ?"

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

"መሠረቱን ስጥል ልቤ አልረጋም። ሲባጎው አልታየኝም፤ በእጄ ነው የሄድኩት። ሰዉን ብጠይቅ ያፍረኛል። ብረቱ በማሽን የተቆረጠ ነው አሉኝ፤ ብረቱ ይነግረኛል አልኩ። ብረቱን ደግሞ የሚያቆመው አፉ የማይምር ሰው ይሁን፤ የእኔ ልጅ ነው እሱ፣ ሠራተኛውን ለክብሪት እንጨት ሲሰድብ ሰምቻለሁ፣ እሱ አይዋሸኝም አልኩ። ጓደኛህ ገና በመጀመሪያው ቀን ተናገረ፤ ሰምቼዋለሁ። ከአንተ አፍ ልስማው ብዬ ጠየቅሁህ። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁህ።"

ከዚህ በኋላ የተባለውን በደንብ አላስታውስም። ሽማግሌዎቹ ይቅርታ ጠየቁ፤ ዱዓ ተደረገ። አባ ለመስጊዱ ሌላ ግምበኛ እንዲፈለግ ራሳቸው ተናገሩ። ኩታውን ግን አላወለቁም፤ ልጃቸው ናት ያለበሰቻቸው። እኔ ጓሮ ወጥቼ ከብረት ትርፍራፊው አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያከበርኳቸው መስሎኝ ነበር። ለየትኛውም የቀን ሠራተኛ የምሰጠውን እውነት ነው የነፈግኳቸው።

በሳምንቱ ወልድያ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይን ለረዥም ጊዜ አየ። የአንዱ ሞራ በቀዶ ጥገና ሊነሳ እንደሚችል፣ ሌላው ግን ከሞራው ጀርባ ሌላ ሕመም እንዳለውና የመዳኛ ጊዜው እንዳለፈበት ነገረን። ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለ። እኔና እህቴ ተያየን። ለምን እንደዘገየን አልጠየቀንም፤ ቢጠይቀን ኖሮ ምን እንል ነበር?

የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ እስኪደርስ መርሳ ተመልሰን የኋለኛውን ግድግዳ ፈታን። ብሎን በብሎን ነቀልን፤ ያጎበጥኩትን ጫማ ጥዬ በልኩ አዲስ ቆረጥኩ። ማዕዘኑን በመዶሻ አፈረስን። ጓደኛዬ እያንዳንዱን ቁራጭ ላሜራ ሲያወጣ ቀስ አድርጎ አጠገቤ ይደረድረዋል፤ አልቀለደም።

አዲሱን መሠረት ከማፍሰሳችን በፊት ሲባጎ መወጠር ነበረበት። አንዱን ጫፍ ጓደኛዬ ሊይዝ ሲል አባ እጃቸውን ዘረጉ። "ስጠኝ" አሉ። ማዕዘኑ ላይ ተንበረከኩ፣ ሲባጎውን በሁለት ጣታቸው ያዙ፣ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኔ በዚያኛው ጫፍ ሆኜ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ልክ ነው?" አሉ።

ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ጅጌ ላይ የነበሩት ጎረቤቶች አጥሩ ጋ ናቸው።

"አይደለም አባ" አልኩ። "ትንሽ ወደ ቀኝ።"

እጃቸውን ትንሽ ወደ ቀኝ አደረጉ።